አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

በላስታ፣ ይልቁንም በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች፣ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ትልቁ የቤት ሥራ ልብስ ማንጣት ነበር። የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ ስለሚከበሩ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣው ምእመን ነጭ ለብሶ ይታያል፤ ለአገሬውም ሰው እንግዳውን ባደፈ ሸማ መቀበል ነውር ነበር። ሳሙና እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት ይህን ሁሉ ሸማ ያነጣ የነበረው በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚጠመጠመው እንዶድ ነው። ፍሬው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ይለቀማል፤ ይደርቅና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ይቆያል። ሸማው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ በአረፋው እየታሸና በእግር እየተረገጠ ይታጠባል፤ አረፋውም ከወንዙ ጋር ቁልቁል ይወርዳል።

የእንዶድን ጠባይ አገሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ከብት የያዘውን አልቅት ማስለቀቂያ ያደርጉታል፤ ለኮሶና ለሌላም ሕመም የሚጠጣው አለ፤ መጠኑን ሳያውቅ የጠጣ ሰው እንደሚጎዳ፣ አልፎም እንደሚሞት ባልቴቶች ያስጠነቅቁ ነበር። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ኖረ። አረፋው ወርዶ ወርዶ በወንዙ ውስጥ ላለው ፍጥረት ምን ያደርገዋል የሚለውን ጥያቄ ግን ያነሣ አልነበረም። ጥያቄውን አንሥተው ሕይወታቸውን በሙሉ የተከተሉት ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ማኅበራችን በዚህ ዓመት እትሙ ስለ ምርምርና ስለ ግኝት እንዲጻፍ ሲጠይቅ የእኒህ ሰው ታሪክ የተመረጠው ግኝቱ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ከግኝቱ በኋላ የመጣው ሠላሳ ዓመት ከግኝቱ ይልቅ ለሙያ ባልደረቦች የሚነግረው ነገር ስላለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

አክሊሉ ለማ በ1930ዎቹ አጋማሽ በጅጅጋ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በባልቲሞር ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የተማሩት ስለ ጥገኛ ተውሳኮችና ስለሚያስተላልፏቸው ፍጥረታት ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የያዙት ሥራ አንዱ ቢልሃርዚያን ማጥናት ነበር። በደጋው አገር የሚታየውንና ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስልም አጥንተዋል፤ ይህ ሕመም በወሎ ደጋ በኩታበር አካባቢ ጭምር የሚታወቅ ነው። ስማቸውን ያስጠራው ግን የመጀመሪያው ጥናት ሆነ።

ቢልሃርዚያ እንዴት እንደሚተላለፍ ለባልደረቦች ማስረዳት ትርፍ ቃል ቢመስልም ታሪኩ ያለ እርሱ አይገባም። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ የተፈለፈለው እጭ በውኃው ውስጥ ያለች ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል፤ በእርስዋም ውስጥ ተራብቶ በብዙ ሺህ ይወጣና በወንዙ የሚታጠበውን፣ የሚሻገረውን፣ ውኃ የሚቀዳውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈዋ ቀንድ አውጣ ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ከፍታቸው መካከለኛ በሆኑ ወንዞች ነው። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች እንዶዱ በብዛት ይበቅልባታል፤ ቀንድ አውጣዋን ግን ብርዱ አይስማማትም። ከላስታ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ወደ ራያ ሜዳ፣ ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ የወረደ ሰው ግን ሕመሙን በልጆች ሆድ ላይ ያገኘዋል። በሽታው ከታች፣ መድኃኒቱ ከላይ መሆናቸውን ግን ማንም አላስተዋለም ነበር። ከላስታ የሚነሣው ተከዜ ወደ ሰሜን ወርዶ የትግራይን ብዙ ወንዞች ይቀበላል፤ አክሊሉ ለማ ጥያቄያቸውን ያገኙትም በዚያው በትግራይ፣ በዓድዋ ነው።

በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ በዓድዋ ወንዞች ዳር ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ላይ ደረሱ። ከማጠቢያው ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ ተንሳፍፈው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት እንደ ላስታ ሴቶች ሁሉ በእንዶድ ነበር። አክሊሉም ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው ከሴቶቹ አንዲቱን ጥቂት አረፋ እንድታፈስበት ለመኗት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ተኮማትረው፣ ደም አፍስሰው ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው። ሙከራውን የሠራችው እጅ የአጣቢዋ እጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ታሪኩ ሲነገር ግን ስሟ አይጠራም።

ይህን የዕድል ነገር አድርገው የሚተርኩ አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲህ አያምንም። በዚያ ወንዝ ዳር ከአክሊሉ በፊት ሐኪምም፣ መምህርም፣ የውጭ አገር አጥኚም ያለፈበት መሆኑ አይጠረጠርም። የሞተ ቀንድ አውጣ ዓይቶ ማለፍ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ሁለት ቦታዎችን፣ ከማጠቢያው በላይና በታች ያለውን፣ አመዛዝኖ ማየት ነው። ዓይናቸው በትምህርት የተሳለ ስለ ነበረ ወንዙ ራሱ ያዘጋጀውን ሙከራ ከነማመዛዘኛው አነበቡት። ከዚያም በላይ ትምህርታቸው ከአገራቸው ሰው ጋር ከመነጋገር አላራቃቸውም፤ በምን ታጥቢያለሽ ብለው መጠየቅ አላሳፈራቸውም።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሙከራውን በቤተ ሙከራ ደግመው አረጋገጡና የመጀመሪያውን ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። በ1970 ሰፋ ያለውን የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤት የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አትሞላቸዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የኬሚስትሪው ታሪክ ነው፤ ለእኛ ማኅበር አባላት ጣዕም ያለውም ይህ ይመስለኛል። እንዶድን የሚያስተፋው ነገር ሳፖኒን የሚባለው የውሕድ ዘር ነው። አንዱ ጫፉ ቅባት ወዳድ፣ ሌላው ጫፉ ስኳር ስለ ተያያዘበት ውኃ ወዳድ ነው፤ ቆሻሻን ከጨርቅ የሚያላቅቀው በዚሁ ባሕርዩ ሲሆን በዚያው ባሕርዩ የሕያው ሕዋስን ሽፋን ያፈርሳል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትንም ያፈነዳል። ማጠቡና መግደሉ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሳይሆኑ የአንድ ሞለኪውል አንድ ጠባይ ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ቀንድ አውጣ ገዳዩን ክፍል ለይተው አወጡና በአግኚው ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። መሠረቱ ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለው ውሕድ ነው።

ኬሚስቶቹን ግራ ያጋባቸው አንድ ነገር ነበር። ፍሬው በአልኮል ሲነከርና ሲጨመቅ የሚወጣው ነገር ኃይሉ ደካማ ሆነ፤ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ሲበጠበጥ ግን ኃይሉ ታላቅ ነው። ምክንያቱ በኋላ ተገለጠ። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ስኳር በሁለት ወገን የተያያዘበትና ቀንድ አውጣን የማይገድል ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ከሁለቱ ስኳሮች አንደኛውን ወገን ይቆርጠዋል፤ ገዳዩም ውሕድ ያን ጊዜ ይወለዳል። አልኮል ኤንዛይሙን ስለሚያከሽፈው ሥራው አይፈጸምም። ባልቴቶቹ ወቅጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ጥቂት አቆዩት ሲሉ ያስተማሩት ሥርዓት ከባዮኬሚስትሪ አንጻር አንዲት ቃል የማትጎድለው መመሪያ ነበረች። በቀዝቃዛው ምትክ የፈላ ውኃ ቢያዝዙ ኖሮ ኤንዛይሙ ይበላሽ ነበር።

የመስኩን ሥራ ለመፈተን በዓድዋ ከተማ ከ1969 እስከ 1974 አምስት ዓመት የቆየ ጥናት ተደረገ። በአገሬው እጅ የተለቀመና የተወቀጠ እንዶድ በወንዞቹ ውስጥ በየጊዜው ተጨመረ። ከትናንሽ ልጆች መካከል በቢልሃርዚያ የተያዙት በመጀመሪያ ከመቶ 50 ያህል ሲሆኑ በመጨረሻው ከመቶ 7 ሆነው ተገኙ። በጥናቱ ዘመን የተወለዱና ያደጉ ልጆች ከወንዙ አዲስ ሕመም አለመያዛቸውን ከማሳየቱ የተነሣ ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ክብደት አለው። በፋብሪካ የሚሠራው የቀንድ አውጣ መግደያ ደግሞ ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ ስለ ነበረ ድኻ አገር በአጥሩ ላይ ያለውን ቢጠቀም የሚያተርፈው ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ተሰነካከለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ምክሩን የሚሰሙ ለጋሾች እንዶድ በሰፊው እንዲሠራበት ከመፍቀዳቸው በፊት መርዛማነቱ በታወቀ ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች እንዲመረመር ጠየቁ። እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ በአፍሪካ አልነበረም፤ ምርመራውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። በዚህ ላይ የማንም ንብረት ሆኖ የማይታሰር የአጥር ተክል ስለ ነበረ ወጪውን የሚሸከም ኩባንያ አልተገኘም። ክርክሩ ሲጎተት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በ1980ዎቹ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ረድቶ ምርመራው ተደረገ፤ ዓይንን ክፉኛ ከማቃጠሉ በቀር በሥራ ላይ ካሉት የፋብሪካ መግደያዎች የባሰ ጉዳት እንደሌለው ተገኘ።

ለእውነት ለመመስከር ጠያቂዎቹ በሁሉም ነገር ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። እንዶድ ዓሣ ይገድላል፤ የቀንድ አውጣን እንቁላል ግን አይገድልም፤ ኃይሉም በውኃ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ስለሚጠፋ መጨመሩ መደጋገም አለበት። በላስታ ባልቴቶች አፍ የነበረው ማስጠንቀቂያም ለከንቱ አልነበረም፤ ሰው የሚቀዳው ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመሩ ተገቢ ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ምርመራው ይደረግ ከተባለ ማን ያድርገው፣ የማንስ ምስክርነት ይታመን? አክሊሉ ለማን ያስቆጨው ይህ ነበር። በኋላ ዘመን በጻፉትና በተናገሩት ሁሉ የአፍሪካ ተመራማሪ ዋና እንቅፋት የመሣሪያና የገንዘብ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ አበክረው ያስረዱ ነበር፤ ከዚያ የሚብሰው ባለጸጎቹ አገሮች ውስጥ ያሉ ሰዎችና ድርጅቶች ከድኻ አገር መልካም ሳይንስ ይወጣል ብሎ ለመቀበል መቸገራቸው ነው ይሉ ነበር። ለዚህም ምሬትን ብቻ አላቀረቡም። የአፍሪካ አገሮች የመርዛማነት ምርመራ የሚያደርጉ የራሳቸው ቤተ ሙከራዎች እንዲኖሯቸው፣ ተመራማሪዎቻቸውም እርስ በርስ እንዲተባበሩ ይወተውቱ ነበር።

ነገሩን ስናጤነው ልዩነቱ የዕውቀት ልዩነት አይደለም። ቀንድ አውጣዎቹ በአዲስ አበባም በካሊፎርኒያም በአንድ ዓይነት መጠን ይሞታሉ። አንዱ ውጤት ሲታመን ሌላው የሚጠረጠረው በወረቀቱ ራስጌ ላይ በተጻፈው አድራሻ ከሆነ ግን ሳይንስ ራሱ የቆመበትን ሥርዓት አፍርሷል። ብዙዎቻችን በየሙያችን ይህን ቀምሰነዋል። አክሊሉን ከብዙዎቻችን የሚለያቸው ተበሳጭተው መረጃ መሰብሰብን አለማቆማቸው ነው፤ የተጠየቁትን ሁሉ፣ አላግባብ የተጠየቁ መስሎ በተሰማቸው ጊዜም ጭምር፣ ለማቅረብ ደከሙ።

በዚህ ድካም ብቻቸውን አልነበሩም። የእርሻ ሳይንስ ሊቁ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል የእንዶድን ዓይነቶች ሰብስበው፣ አብቅለው፣ ፍሬያቸውን መዝነውና ኃይላቸውን ለክተው ከሁሉ የሚሻለውን መረጡ። ቁጥር 44 ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት የዚህ ትዕግሥት ውጤት ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተተክሎ ተሞክሯል። ስለ እንዶድ ሲወራ የለገሰ ስም ሁለተኛ ሆኖ መነሣቱ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ውሕዱን ማወቅ ያለ ተክሉ ምንም አይደለምና።

አክሊሉ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ልዩ ክፍሎች አገለገሉ፤ በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተርም ነበሩ። በ1979 ከዶናልድ ሄይነማንና ከሄልሙት ክሎስ ጋር ሆነው ስለ እንዶድ የተደረጉትን ጥናቶች በአንድ ጥራዝ አሰናድተው በካሊፎርኒያ አሳተሙ። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውንና ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዓድዋ ወንዝ ዳር ከቆሙ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከሽልማቱ በኋላ ባልተጠበቀ በኩል ሌላ ነገር መጣ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ የገባ ዜብራ መስል የተባለ ትንሽ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎለኛ ተራብቶ የውኃ ቧንቧዎችንና የኃይል ማመንጫዎችን ይደፍን ጀመር። በ1990 አክሊሉ ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት በተቀበሉበት አጋጣሚ እንዶድ በዚህ ዛጎለኛ ላይ ተሞከረ፤ ገደለውም። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ ለዚህ አጠቃቀም በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ለቀንድ አውጣ ሲሆን ሃያ ዓመት የተጠረጠረው የአጥር ተክል የባለጸጋ አገር ቧንቧ ሲደፈን ፈጥኖ ዋጋ አገኘ። ነገሩ የአፍሪካ ዕውቀት በማን ስም ይመዘገባል፣ ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል የሚለውን ክርክር አስነሣ፤ እንዶድም በዚያ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆነ። በ1992 በሪዮ የተፈረመው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት አገሮች በተክሎቻቸው ላይ ያላቸውን መብት አወቀ፤ ኢትዮጵያም በ2006 የጄኔቲክ ሀብት አርካቦትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482 አወጣች። በዓድዋና በላስታ ወንዞች ዳር ያጥቡ የነበሩት ሴቶች በሕግ ፊት ባለ ዕውቀት ተብለው የተቆጠሩት እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው።

አክሊሉ ለማ ይህን አዋጅ አላዩም፤ በ1997 በአሜሪካ ዐረፉ። እንዶድ እርሳቸው እንዳሰቡት በአፍሪካ ወንዞች ሁሉ አልተሠራበትም። ቢልሃርዚያን በአንድ ጊዜ የሚያድን ክኒን፣ ፕራዚኳንቴል፣ ዋጋው እየቀነሰ ስለ መጣ አገሮች ቀንድ አውጣውን ትተው በሽተኛውን ማከም መረጡ። ሆኖም የታከመ ልጅ ተመልሶ እዚያው ወንዝ ስለሚገባ ሕመሙ ይመለሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠርን ከሕክምናው ጋር አብሮ እንዲሠራ መክሯል።

በላሊበላ አካባቢ እንዶዱ ዛሬም በየአጥሩ ይጠመጠማል። ታኅሣሥ ሲገባ ለሸማ ብሎ የሚለቅመው ግን ጥቂት ነው፤ የዱቄት ሳሙና በየሱቁ አለ።